ባሕር ያላየሁበት ሲኒማ

ልጄ ሲኒማ እንግባ ያለኝ ዕለት መጀመሪያ የጠየቅሁት ማን እንደሞተ ነው።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሰውን ያለወትሮው ያከብሩታል፣ ሰበብ ፈልገው ከቤቱ ያወጡታል፣ ዘመድ ወደተሰበሰበበት ይወስዱታል፣ ከዚያ ይነግሩታል። እኔ ደግሞ ከቤቴ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤቴ የምል ሴት ነበርኩ። ሲኒማ ቤትን በውጭ አልፌው አውቃለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም።

«ማንም አልሞተም፣ እማ» አለኝ። «ፊልም ብቻ ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ደሴ፣ ፒያሳ።»

«ቦሩ ሜዳስ ደህና ናቸው?»

ቦሩ ሜዳ የምትኖረው እህቴ ነበረች። ልጇን በገበያ ቀን አፍሰው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከወሰዱባት ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ስለዚህ ማንም ሰው አንገቱን ደፍቶ በበራችን ሲገባ ልቤ ወደዚያ ይሄድ ነበር።

«ወላሂ ደህና ናቸው። አዲስ ነገር የለም።»

አላህን አመሰገንኩ። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። ልጄ ደግሞ ገንፎ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ሁለመናው ስንጥር ነበር።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። አባቱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ ነው የሞተው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ክር በሚፈተልበት ክፍል ተቀጥሬ አሳደግሁት። ሌላ ልጅ የለኝም። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ወደ አሰብ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት ሜዳ ጭነት ያራግፍ ጀመር። ከሾፌሮች ጋር ዋለ። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ትሪውን እያየ፣

«አሰብ ለመርከብ ሥራ ሊቀበሉኝ ነው። ዱዓሽን ስጪኝና ልሂድ» አለኝ።

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እምቢታ መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል።

መሄድ ቢፈልግ እግር አለው፤ የሚያሳፍረው ሾፌርም አያጣም። ነገር ግን የእኛ ሰው ያለ እናቱ ዱዓ ሩቅ አገር አይነሣም። ቢነሣም ልቡ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። መኪናው በተበላሸ፣ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር «እናቴን አስቀይሜ ነው» ይላል። ልጄ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በየሳምንቱ በሌላ መንገድ ይመጣብኛል። አንድ ጊዜ የሥራውን ጥሩነት ያወራልኛል፣ አንድ ጊዜ እንጨት ይፈልጥልኛል፣ አንድ ጊዜ ያኮርፋል።

እኔም በየሳምንቱ ጥርጣሬዬን እጨምር ነበር። ቦርከና በክረምት ሲሞላ ዳር ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ ተሻግረው ከወዲያ ማዶ ሲሰድቡት እሱ ተመልሶ ቀሚሴ ሥር ይገባል። ካደገ በኋላም ቢሆን ድልድይ ፈልጎ ይዞራል እንጂ እግሩን ውሃ ውስጥ አይነክርም። ታዲያ ይህ ልጅ ባሕርን ከመቼ ወዲህ ወደደው? አሰብ ላይ ሴት አለችው አልኩ። ወይም ሥራው ማታለያ ነው፤ ከአሰብ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ነው አልኩ። በዚያ መንገድ ሄደው የቀሩ ልጆች በሰፈራችን ነበሩ። እናቶቻቸው ዛሬም ድረስ መንገደኛ ባዩ ቁጥር ይጠይቃሉ።

የሲኒማው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ምክንያቱን ያወጣው አውቶቡስ ውስጥ፣ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ ነው።

«የባሕር ፊልም ነው፣ እማ። ሰው የሚፈራው ያላየውን ነው። ዛሬ ታይዋለሽ። ምስሉን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ መርከብ፣ ደስ የሚል ነገር።»

«ምን ይላል ፊልሙ?»

«ጽሑፉ በፈረንጅ ነው። ከታችኛው ግማሽ ላይ ደግሞ የስብሰባ ጥሪ ለጥፈውበታል። ግን ባሕር ነው፤ ሌላ ምን ይኖረዋል?»

ሌላ ምን እንደነበረው በኋላ አየነው።

የሐረጎን ዳገት እንደወጣን ፍተሻ ነበር። ወንዶች ሁሉ ውረዱ ተባለ። በመስኮት አያለሁ። ልጄ መታወቂያውን ሲያወጣ ከእጁ ወደቀ፤ አንሥቶ ሲሰጥ እንደገና ሊያመልጠው ነበር። ፈታሹ ፊቱን አየው፣ ወረቀቱን አየው፣ እንደገና ፊቱን አየው።

«ወዴት ነህ?»

«ደሴ። ከእናቴ ጋር ነኝ።» በጣቱ እኔን አሳየ።

«ምን ልትሠሩ?»

«ሲኒማ።»

ፈታሹ በመስኮቱ አሻቅቦ አየኝና ሳቀ። «እናቱን ሲኒማ የሚወስድ ጎረምሳ ዛሬ ገና አየሁ። ሂድ ግባ። ከፊት ወንበር አስቀምጣቸው፣ እንዳትሰስት።»

ሲገባ ላቡ በግንባሩ ላይ ነበር። ደሴ ልንደርስ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በብርድ የሚያልበው ሰው ምን የሠራ ሰው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አልጠየቅሁትም። ጥያቄ ሲበዛ ውሸት ይበዛል።

ዙህርን ቤቴ ሰግጄ ነው የወጣሁት። ውዱኤን እንደያዝኩ ነበር። ፒያሳ ስንደርስ የደሴ ጉም ወርዶ ሱቆቹን ሸፍኗቸዋል፤ ከሲኒማው በር ላይ የተሰለፈው ሰው እንኳ የሚታየው ከወገቡ በላይ ነው። ልጄ ቲኬት ቆርጦ እጄን ይዞ አስገባኝ። አዳራሹ የረጠበ ጋቢና የሲጋራ ሽታ ነበረው። ከፊት ብዙ ወንበር ባዶ ነው። እሱ ግን ከበሩ አጠገብ፣ ከጥግ አስቀመጠኝ።

«ለምን እዚህ?» አልኩት።

«የአስር ሶላት ሲደርስ ለመውጣት እንዲመችሽ።»

መልሱ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ስለነበረ አላመንኩትም። አስርን ከእኔ ቀድሞ ያሰበበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ገና እንደተቀመጥን ከኋላችን አንድ ወፍራም ሰው የልጄን ትከሻ መታ መታ አደረገ። የአሰብ መንገድ ሾፌር ነው፤ ልጄ ጭነት ሲያራግፍለት የሚያውቀው። ጎልማሳ፣ ሳቂታ፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው።

«አንተ እዚህ ነህ? ታዲያ መቼ…»

ልጄ ሳለ። ሳሉ የእውነት ሳል አልነበረም። ሾፌሩ ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ፣ ነገሩ ገባው፣ አጎንብሶ ሰላም አለኝ።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? አላህ ይመስገን ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «መቼ» ያለው ምን እንደሆነ ግን ልቤ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

መብራቱ ጠፋ። አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ከሸራው ጎን ቆመ። ፊልሙ በፈረንጅ ቋንቋ ስለሆነ ለሕዝቡ የሚያስረዳ እሱ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አስረጂ ነበር፤ ቋንቋውን ቢያውቅም ባያውቅም ያስረዳል። «ጓዶች» አለ፣ «ይህ ፊልም የባሕር ሠራተኞችን ትግል የሚያሳይ ነው።»

ፊልሙ ጀመረ። የተስቢህ መቁጠሪያዬን በሻርፔ ሥር ይዤ ባሕሩን ጠበቅሁ።

ባሕሩ ግን አልመጣም። የመጣው ጉም ነው። ጉም፣ የመርከብ ጎን፣ ፋኖስ የያዘ እጅ፣ እንደገና ጉም። ከኋላችን ሾፌሩ፣

«ይህንማ በነፃ ውጭ ትተነው መጥተናል» አለ። ሰው ሳቀ።

የመርከቡ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ሌላ መርከብ አገኙ። ወደሱ ተሻገሩ። ሰው የለበትም። ጠረጴዛው ላይ ግን ምግብ ቀርቧል፤ ይጨሳል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ዐይናቸው ፈጠጠ። በዚህ ጊዜ ነው ልጄ ወንበሩ ላይ የተቁነጠነጠው። ደስ የሚል የባሕር ፊልም አለመሆኑ ገባው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«እንጃ። ቆይ፣ ይለወጥ ይሆናል።»

አልተለወጠም። ወለሉ ላይ የረጠበ የእግር አሻራ ታየ። አንዱ፣ ከፊቱ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ የሚረግጠው ሰው ግን የለም። በአዳራሹ ውስጥ ግማሹ «ቢስሚላህ» አለ፣ ግማሹ «በስመ አብ» አለ። እኔም ከቁርአን አየተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ።

አስረጂው ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «አትደንግጡ ጓዶች። መንፈስ የሚባል ነገር የለም። ይህ የመርከቡ ባለቤት፣ የከበርቴው ተንኮል ነው። ሠራተኛውን አስፈራርቶ ያለ ደመወዝ ሊያባርረው ነው።»

«ታዲያ እግሩ የታለ?» አለ ሾፌሩ።

«የት?»

«የከበርቴው እግር። ኮቴው ይታየኛል፣ እግሩ አይታየኝም።»

ሳቁ እስኪበርድ አስረጂው ቆሞ ጠበቀ። «እግሩ ተደብቋል» አለ።

ልጄ ግን አልሳቀም። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ሰማሽ አይደል እማ? ጂን የለም ነው የሚለው። ተንኮል ነው። አብሽሪ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከጂኑ ይልቅ አስረጂውን ጠረጠርኩት። ጂን እንዳለ ቁርአን ነግሮናል። በምድረ በዳም፣ በውሃም፣ አላህ በፈቀደበት ሁሉ ይኖራል። የለም ብሎ በድምፅ ማጉያ የሚምል ሰው ባሕር ደህና ነው ቢለኝ እንዴት አምነዋለሁ? የማያውቀውን የለም የሚል ሰው ያየውንም አልነበረም ይላል።

ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። ከውሃው ውስጥ የሴት ድምፅ ይጠራቸዋል። ድምፁን የሰማው ሰው ሥራውን ትቶ፣ እንደ እንቅልፋም እየተራመደ ሄዶ፣ ከጫፉ ይወድቃል። ሲወድቅ እንኳ ውሃውን አያሳዩንም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምንሰማው። አስረጂው አንዱን «ሥራ ለቀቀ» አለው፣ ሌላውን «ወደ አገሩ ተመለሰ» አለው።

«ዋኝቶ?» አለ ሾፌሩ።

ልጅ ፊት ያለው፣ ገና ጢም ያላበቀለ አንድ መርከበኛ ነበር። ድምፁ እሱን ሲጠራው ክንዴን አንድ ነገር ጨመደደኝ። የልጄ እጅ ነው። ዐይኑን ጨፍኗል። ጣቶቹ ሥጋዬ ውስጥ ገብተዋል። ቦርከና ዳር እንደቆመው ልጅ ይንቀጠቀጣል።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ይበልጥ የከበደኝ። ባሕሩን አልወደደውም። በሥዕል እንኳ ይፈራዋል። ታዲያ እንዲህ የሚፈራውን ነገር ካልፈቀድሽልኝ ብሎ ሰሞኑን ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ለምንድን ነው? ሰው የሚፈራው ውሃ ውስጥ የሚገባው ከኋላው ምን ሲመጣበት ነው?

በሸራው ላይ የሆነውን ከዚህ በኋላ በደንብ አላየሁም። የልጄን ፊት ነበር የማየው፤ ብርሃኑ ይበራበታል፣ ይጠፋበታል።

በመጨረሻ መንፈሷ ወጣች። ይህን ሁሉ ሰው የጨረሰችው ማን እንደሆነች ሊያሳዩን ነው። እኔም ዞር ብዬ አየሁ። አንሶላ የተከናነበች፣ ፊቷን ነጭ የተቀባች ሴት ናት። ከመጋረጃ ጀርባ ወጥታ እጆቿን ዘረጋች። አንሶላው አንድ ነገር ይዞት ኖሮ ወደ ኋላ ተጎተተች፤ መንጭቃ አስለቀቀችው።

ሾፌሩ፣ «ወፍጮ ቤት ውላ ነው የመጣችው» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልሰማም። ሰው ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል፣ ከፊት ያሉት «ጭራሽ ልብስ አጠባ ላይ ናት» ይላሉ። አስረጂው ራሱ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። መርከቧ ሰጠመች። ስትሰጥም ባሕሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አሳዩን። የሳፋ ውሃ ነበር። ሞገዱን ሰው በእጁ እያማሰለ የሚያነሣው እስኪመስለኝ ድረስ ትንሽ ነበር። መብራት በራ።

ልጄ ዐይኑን ከገለጠ በኋላ ሁሉም የሚስቀው ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ያን ፊልም ካነሣንበት ይስቃል፤ አላህ ለዚህ ሳቅ አደረሰኝ። ያን ዕለት ግን ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር።

«ሌላ መስሎኝ ነው እማ» አለኝ። «ባሕሩን ታያለሽ ብዬ ነበር።»

«አየሁት» አልኩት። «ባየሁት በቂ ነው። ተነሥ፣ አስር ሳያልፍ።»

ስንወጣ በግድግዳው ላይ ያለውን ምስል አየሁት። እውነትም ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ መርከብ። የስብሰባው ጥሪ ጠርዙ ተልጦ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ የተከፈተ አፍና ጥርስ ይታያል።

ሾፌሩ ከኋላችን ደረሰብን። ጉሙ ውስጥ ሦስታችን ቁልቁል መሄድ ጀመርን። «እትዬ፣ ባሕር ይህ ነው ብለው እንዳይሄዱ። አሰብ ላይ ጉም የለም። ውሃው እንደ ሻይ ይሞቃል። እኔ ያየሁት ባሕር ቢኖር ዓሣና ቆሻሻ ያለበት ነው፤ ጂኑን አላገኘሁትም።»

ቆምኩ። ቀጥታ መጠየቅ ልማዴ አይደለም። ግን የልጄ ጣት ክንዴ ላይ ገና ያመኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ አላህን ይዘህ እውነቱን ንገረኝ። አሰብ ላይ ሴት አለችው?»

ሾፌሩ ሳቀ። «ሴት? ይህ ልጅ? እንኳን አሰብ ኮምቦልቻም የለችው።»

«ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ነው?»

«አይደለም።» መሳቁን አቆመ። ልጄን አየው። «አልነገርካትም እንዴ?»

«ተው» አለ ልጄ።

«እናትህ ናት እኮ፤ ቀበሌ አይደለችም።»

«ተው አልኩህ።»

ሾፌሩ ወደኋላ ወደፊት አየ። ጉሙ ውስጥ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጥላ ብቻ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ መርከብ ላይ ያለን ልጅ ከኳስ ሜዳ ማንም አያፍሰውም። ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

አፈሳን እኔ ሳላውቀው ቀርቼ አልነበረም። የእህቴ ልጅ አለ። ግን የእኔ ልጅ የባልቴት አንድ ልጅ ነው። የባልቴት አንድ ልጅ አይነካም ብለው የነገሩኝ የቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ በአንደበታቸው። ፈታሹን፣ አስረጂውን፣ ሾፌሩን፣ የገዛ ልጄን የጠረጠርኩ ሴት ይህን አንድ ነገር ሳልጠረጥር አምኜ ተኝቼበት ነበር።

«አንድ ልጅ አይወስዱም» አልኩ።

ልጄ መሬት መሬት እያየ፣ «በፊት ነበር» አለ። «ከእኔ ጋር ጭነት የሚያራግፈው ልጅ ለእናቱ አንድ ነበር። ኳስ ስንጫወት መጡ። እኔ ኳሷን ላመጣ ቦይ ውስጥ ወርጄ ነበር። ስወጣ ሜዳው ላይ ጫማ ብቻ ነው የቀረው።»

ፍተሻው ላይ በብርድ ያላበው ልጅ፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር የመረጠ ልጅ። ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ያን ዕለት ዱዓ ታደርጊልኛለሽ። አውቃለሁ። ግን እንደ አክስቴ ትሆኛለሽ። እንቅልፍ የላትም፤ አይተሻታል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ትነሣለች። እኔ በፍርሃት የተሰጠ ዱዓ ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። ባሕሩን አይተሽ፣ ልብሽ አርፎ ሂድ እንድትዪኝ ነበር።»

ሾፌሩ ከእኛ ራቅ ብሎ ዝግ ሱቅ መስኮት ውስጥ የሚያይ መሰለ። መልካም ሰው ነበር። አላህ በያለበት ይጠብቀው።

ወደ መስጊድ ሄድን። ከሴቶቹ በኩል ገብቼ አስርን ሰገድኩ። ከሰገድኩ በኋላ ቶሎ አልተነሣሁም። ልቤ እንዲያርፍ ነበር የፈለገው፤ ልቤ ግን አላረፈም። ባሕሩን አላየሁትም። ያየሁት ጉምና የሳፋ ውሃ ነው። ሥራውን አላውቀው፣ መርከቡን አላውቀው፣ አለቃውን አላውቀው። ሁሉንም እጠረጥራለሁ። የማልጠረጥረው አንድ አላህን ብቻ ነው። ዱዓ ደግሞ የሚደረገው ወደ እሱ ነው እንጂ ወደ ባሕሩ አይደለም። ይህን ለራሴ ከነገርኩ በኋላ ተነሣሁ።

ልጄ በግቢው ግንብ ሥር ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ጫማውን አውልቆ ፊቴ በርከክ አለ። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ።

«አላህ ከፊትህ ይቅደም» አልኩ።

«አሚን።»

«ከኋላህ ይከተል።»

«አሚን።»

«ውሃውን እንደ የብስ ያድርግልህ። እጅህን ለሥራ፣ ዐይንህን ለሐላል ያብራልህ። ከሰው ክፋት ይሰውርህ።»

«አሚን።»

«ከጂኑም ይጠብቅህ።»

«አሚን» ያለው ይህኛውን ጮክ ብሎ ነው። ውዱእ የሚያደርጉ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩን። እኔም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። እንደ ልማዳችን እንትፍ እንትፍ ብዬ መረቅሁት፤ ግንባሩን ስሜ አነሣሁት።

ከግቢው በር ላይ የጠበቀንን ሾፌር «መቼ ነው የምትወርደው?» አልኩት። «መቼ» ብሎ ያቋረጠው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ በማግሥቱ ሱብሂ እንደተሰገደ ነበር የሚነሣው። ልጄን ከጎኑ ጋቢና አስቀመጠው። ዳቦ ቆሎና ጋቢ አስያዝኩት። አላለቀስኩም፤ የሚያለቅስ ሰው ይጠረጠራል። መኪናው ወደ ባቲ መንገድ ሲታጠፍ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ፋብሪካ ሄድኩ። ክር ሲበጠስ እየቀጠልኩ ዋልኩ።

ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ ሥራ አገኘ አልኩ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመርኩም። እህቴን ልጠይቅ ቦሩ ሜዳ ስሄድ ብቻ፣ እሷ ሳትጠይቀኝ፣ እጇን ይዤ ሁሉን ነገርኳት። አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች። «እንኳን የአንቺ ወጣ» አለችኝ። የእሷ ገና ጦር ግንባር እያለ ይህን ማለት የምትችል ሴት ናት። የእሷም በኋላ፣ አካሉ ቢጎድልም፣ ነፍሱን ይዞ ተመልሷል። አልሐምዱሊላህ።

ልጄ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ገና ሲነጋ የቤቴ በር ተደበደበ። የጠበቅኩት ነገር ነበር። የቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው፤ ጠመንጃ የያዘም ያልያዘም አለ። ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ፤ እናቱ ከእኔ ጋር ፋብሪካ ትሠራለች። ዐይኔን አላየኝም።

«ልጅሽ የት ነው?» አለ አለቃቸው።

«ባሕር ላይ ነው።»

እርስ በርስ ተያዩ። «የምን ባሕር?»

«ቀይ ባሕር። መርከብ ላይ ተቀጥሯል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ገና በጠዋቱ ትቀልጃለሽ?»

«ወላሂ አልቀለድኩም።»

ገቡ። አልጋውን ገለበጡ። ከቆጡ ላይ ጆንያውን በብረት ወጉ። ከጓሮ የከሰል መያዣውን በርሜል ከፈቱ። አለቃው ፊቴን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ እንደገና ፊቴን ያያል። እውነቱን ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ከእያንዳንዱ ቃሌ ሥር ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ያን አተያይ አውቀው ነበር። ልጄን እራት ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሲኒማው ውስጥ ያየሁበት አተያይ ነው።

«የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ መርከብ ላይ» አለ። «ማን ያምንሻል?»

«ማንም አያምነኝም» አልኩ። «አላህ ያውቃል።»

የማውቀው ልጅ ያኔ ቀስ ብሎ፣ «እውነቷን ነው ጓድ፤ በሾፌር መኪና ሲሄድ ያዩት አሉ» አለ። ለእሱም ዱዓ አደርግለታለሁ።

አለቃው አንዱን በሩ ላይ አቁሞት ሄደ፤ ምናልባት ከተደበቀበት ይወጣል ብሎ ነው። የቆመው ሰው እስከ እኩለ ቀን ድረስ በሩን ተደግፎ ዋለ። ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ወንበር ሰጠሁት፣ እምቢ አለ። ማንም ከየትም ሳይወጣ ሲቀር ጠመንጃውን አንግቶ ወረደ።

በሩን ዘጋሁ። ቤቱ እንደተዘበራረቀ ነበር፤ ጆንያው ከተወጋበት ቦታ ማሽላው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እዚያው መሐል ላይ ለአላህ የምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። ልጄ በዚያች ሰዓት በየትኛው ውሃ ላይ እንደነበረ እኔም አላውቅም ነበር። ፈልገው እንዳጡት ግን በዐይኔ አይቻለሁ። ከሱጁዴ ቀና ብዬ ማሽላውን መልቀም ጀመርኩ።